የኮሶዬው ሽብልቅ

መኪና ወደ ገደል ሲንሸራተት ሰው የሚጮኸው ቃል አንድ ነው። እኔ ግን ያን ቃል በውርርድ ስለተከለከልኩ «ሽብልቅ! ሽብልቅ!» እያልኩ ነበር የምጮኸው። አጠገቤ የቆመው የኮሶዬ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በዝምታ ያየኛል። ውሻው ጠፍቶበት በስሙ የሚጣራ መንገደኛ መስዬው እንደነበር የነገረኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሥሩ ላውጋችሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ደባርቅ ሰርግ ተጠርተናል፤ እኔና አንድ ጓደኛዬ። ስሙን አላነሳም፤ በዚያን ዕለት በሠራው ሥራ «ዳኛው» ልበለው። የታሪክ አስተማሪ ነው። ከታሪክ አስተማሪ ጋር መንገድ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ፍርስራሽ ባየ ቁጥር ውረዱ ይላል፤ ፍርስራሽ ሲጠፋ ደግሞ ለምን እንደጠፋ ያስረዳል። መኪናዋ የእህቴ ባል ንብረት ናት፤ ዕድሜ የጠገበች የጃፓን ፒክአፕ። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ስኮርታዋን እያት» ብሎኝ ነበር። አላየኋትም። ይህችን ኃጢአቴን ከወዲሁ ተናዝዣለሁ።

ከመነሳታችን በፊት ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ገባን። ከተቀመጥንበት ሆኖ የፖስታ ቤቱ ሕንፃ ይታያል። እኛ ጎንደሬዎች እንግዳ ሲመጣ በቀጥታ ወደ አፄ ፋሲል ግንብ እንወስደዋለን እንጂ ፒያሳን አናስጎበኝም። ፒያሳ የምንውልበት ነው፤ የሚውሉበትን ማን ያስጎበኛል? ዳኛው ግን ስኳሩን እያማሰለ «ይህ ሁሉ ጣልያኖች በአምስት ዓመት ያቆሙት ነው፤ ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ነበር» ሲል ከጎናችን የተቀመጠ ሰውዬ ጣልቃ ገባና ያቺን የታወቀች አባባል ወረወራት። «ጣልያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አገር በሠራ ነበር።»

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጣልያን የሠራውን የሚቆጥር ሰው የካቲት 12ን አይቆጥርም፤ ደብረ ሊባኖስን አይቆጥርም። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ ከጣልያን የወሰድኩት ምንም ነገር የለም!» አልኩ።

ዳኛው ረጋ ብሎ «የምትጠጣው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማኪያቶ።»

«አስር ብር አምጣ።»

ውርርዱ የተወለደው እንዲህ ነው። ደባርቅ እስክንገባ ድረስ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ባመለጠኝ ቁጥር አስር ብር እከፍላለሁ፤ ካላመለጠኝ የመልሱን ናፍታ እሱ ይችላል። «ናፍታ» ሲል የራሱ አፍ የያዘው መስሎኝ ዘለልኩ። ውርርዱ የተገባው በእኔ ምላስ ላይ እንጂ በእሱ ላይ እንዳልሆነ አስታወሰኝ።

«ማኪያቶ ማለት ነጠብጣብ ያረፈበት፣ የቆሸሸ ማለት ነው» አለኝ ብርጭቆዬን እያሳየኝ። «ወተት ጠብ ብሎበታላ።»

«ቡናው የኛ ነው!»

«ማን ካደ? ቡናው ካንተ ሄደ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1884 ቱሪን ላይ አንጄሎ ሞሪዮንዶ የሚባል ሰው በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽን በስሙ አስመዘገበ፤ በ1901 የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ አሻሻለው፤ በ1938 ደግሞ አኪሌ ጋጂያ እንፋሎቱን ትቶ በግፊት የሚሠራ አዲስ ዘዴ አስመዘገበ፤ ይህ ከላይ የሚሰፍረው አረፋ የመጣው በእሱ ነው። ቡናው ያንተ፣ ግፊቱ የእነሱ፣ ሂሳቡ የኔ።»

ሂሳቡን እሱ እንዲከፍል አልፈቀድኩም። «ቆይ፣ እኔ ባንኮኒው ላይ...» አልኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ሃያ ብር። ውጭ ብርድ ስለነበር «ጓንቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አልኩ፤ በአንድ አረፍተ ነገር ሁለት። አርባ። ገና መኪናው ውስጥ አልገባንም። «መኪና» ስል ደግሞ ሃምሳ። «ይሄኛው በዐረብ በኩል ዞሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከወረራው በፊትም ነበረ» ብዬ ተከራከርኩ። ዳኛው «ዞሮ መጣ፣ ቀጥ ብሎ መጣ፣ እናቱ ያችው ናት» ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲያ «ተሽከርካሪ» እያልኩ እንደ ትራፊክ ዜና አንባቢ ማውራት ጀመርኩ።

ከከተማ ስንወጣ አንድ ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ገተረ። «ባጃጅ የህንድ ነው፤ ይህን እንኳ በነፃ እሰድባለሁ!» አልኩ። ዳኛው ስድቡን ፈቀደ፤ ትምህርቱን ግን አላስቀረብኝም። ባጃጅ የአንድ ህንዳዊ ቤተሰብ ስም ነው። ኩባንያው ሙያውን የተማረው ግን በጣልያኑ ኩባንያ በፒያጆ ፈቃድ ሲሠራ ነው። ፒያጆ ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ሁለት እግሯን ሞተር ሳይክል ሠርቶ «ቬስፓ» አላት፤ ተርብ ማለት ነው። በ1948 ደግሞ ሦስት እግሯን ሠራና «አፔ» አላት፤ ንብ ማለት ነው። ለካስ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ሲርመሰመስ የሚውለው ያ ሁሉ ሰማያዊ መንጋ የንብ የልጅ ልጅ ኖሯል። አጠራሩ ሲታሰብ እንግዳ አይደለም፤ ጩኸቱም ያው ነው፣ ሲናደፍም ያው ነው።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ገባኝ። ዝም አልኩ። ባለቤቴ ደወለች። ዳኛው ስልኩን ከፍቶ ጆሮዬ ስር ያዘልኝ።

«ለሙሽሮቹ ቤት ፓስታውን ገዛህ?»

«የስንዴውን ክር? ገዝቻለሁ።»

«ምን?»

«ያን በፈላ ውኃ የሚቀቀለውን፣ ረጅሙን፣ በካርቶን ያለውን።»

«ካሁኑ ጠጥታችኋል እንዴ?»

«የለም፣ እየነዳሁ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ፣ ቻው!»

ዳኛው ስልኩን ዘጋና በፈገግታ ስድስተኛውን ምልክት ወረቀቱ ላይ አሰፈረ። ከዚያ ዕለቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለ ነገር ነገረኝ። ቻው የቬኒስ ሰዎች ቃል ነው፤ ሥሩ «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነው። እኛ «አሽከርህ ነኝ» ብለን በትሕትና እንደምንለው መሆኑ ነው። መሪውን ይዤ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ በአውሮፕላንና በመድፍ ሞክረው ያላስባሉንን ቃል ዛሬ በስልክ፣ በነፃ፣ በቀን ሃያ ጊዜ እንላቸዋለን!

መንገዱ ራሱ ክርክር አስነሳ። ይህ ከጎንደር በወገራ በዳባት አልፎ ደባርቅ፣ ከዚያ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ተከዜ፣ ወደ አክሱም፣ ወደ አስመራ የሚወርደው መስመር ጣልያን የቀደደው ነው። አስፋልቱ የቅርብ ጊዜ ቢሆንም ተራራውን በጥምዝምዝ ያሰረው እጅ የእነሱ ነው። የሊማሊሞን መጠምዘዣዎች ያየ ሰው መሐንዲሱን አያናንቅም። «ግን ለማን ተቀደደ?» አለ ዳኛው። «ለሰርገኛ አይደለም። ከአስመራ ጦርና ስንቅ እንዲያወርድ ነው። እዚያው ተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ያፈሰሱት ሰዎች ናቸው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገቡት።» ሲወጡም በቀላሉ አልወጡም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣልያኑ ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት የመሸገው ጦር እጁን የሰጠው በ1934 የመስቀል ሰሞን ነው፤ ጎንደር ነፃ የወጣችው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934። አዲስ አበባ ነፃነቷን ካከበረች ሰባት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። የእንግሊዝ ጦር ከፊት፣ አርበኞቻችን ከዱር።

ኮሶዬ የደረስነው በዚህ ወሬ መካከል ነው። ኮሶዬ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። በቀኝም በግራም የገብስ ማሳ ነው፤ ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቅና ገደል ይሆናል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ቆላውን ያየ ሰው ተራራው ተራራን ተደግፎ እስከ ሰማይ ጥግ ሲሄድ ያያል። ጭላዳዎች ሣሩን እየነቀሉ እንደ ጉልት ነጋዴ በቂጣቸው ይንፏቀቃሉ። ኮሶዬ ስሟን ያገኘችው ከኮሶ ዛፍ ይመስለኛል። በእኔ በኩል የዕለቱ ምሬት የኮሶን ያህል ስለነበረ ሌላ ትርጉም አልፈለግሁም።

የኋላ ጎማ «ዷ!» አለ።

ዳር ያዝኩ። ዳገት ላይ ነን፤ የመኪናዋ ጀርባ ወደ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ አየር። ዳኛው ካሜራውን ይዞ ወደ ጭላዳዎቹ ሄደ። እኔ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፤ የእህቴ ባል የእጅ ፍሬን ለይስሙላ ነው ያለችው። ማርሽ ማስገባት ረሳሁ። ክሪኩን አወጣሁ፤ ገና ሳልሰቅላት የመጀመሪያውን ዳዶ ለማላላት መፍቻውን ስረግጠው መኪናዋ ተነፈሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ እርጉዝ ላም ረጋ ብላ፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ምላሴ ላይ የመጣችው ቃል «ታኮ» ነበረች። በኢትዮጵያ ያለ ሹፌር፣ ረዳት፣ ወያላ፣ የጭነት ጫኝ ሁሉ የሚያውቃት ቃል። ከጎማው ሥር የምትገባዋ ድንጋይ ወይም እንጨት። ነገር ግን ታኮ ጣልያንኛ ናት፤ የጫማ ተረከዝ ማለት ናት። አስር ብር ናት። አእምሮዬ ሞኝ ነው፤ ሕይወትና አስር ብር ሲቀርብለት አስር ብሩን መረጠና ከመዝገበ ቃላት ጥግ አቧራ የለበሰ ቃል ጎትቶ አወጣ።

«ሽብልቅ!» አልኩ ለእረኛው። «ሽብልቅ አድርግ! ሽብልቅ!»

ልጁ አየኝ። እኔ በሁለት እጄ የመኪናዋን አፍንጫ ይዤ ወደ ኋላ እየተጎተትኩ ነው። ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ይፋጫል። ከማሳው በኩል ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ አያምርም ይላሉ፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሩጫ አላየሁም። የድንበር ድንጋይ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አንስተው ከጎማው ሥር ወተፉት። መኪናዋ ድንጋዩ ላይ ወጣ ብላ ተመለሰችና ቆመች።

«ታኮ አትልም እንዴ ልጄ!» አሉኝ እያለከለኩ።

«አባባ... ታኮ እኮ የጣልያን ቃል ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ታኮ የመኪና ነው። ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመኑ!»

ዳኛው ከገደሉ ዳር ተመልሶ መጣ። ሁሉንም አይቷል፤ ካሜራውም አይቷል። «ሽብልቅ ትክክለኛ አማርኛ ነው» ሲል ፈረደ። «አስር ብር አትከፍልም።»

ጎማውን ልንቀይር ስኮርታዋን ብናወርዳት እንደ ደረቀ እንጀራ ታጥፋለች። ነፋስ የሚባል የለባትም። የእህቴን ባል ድምፅ በጆሮዬ ሰማሁት። ዳኛው ሁለቱን ጎማዎች አንድ አይሱዙ ላይ አስጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ። እኔ መኪናና ካርቶን ፓስታ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። የወገራ ነፋስ በጥር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር ከባድ ነው፤ ካልሲ ደራርበህም እግርህ የራስህ አይመስልህም። ሽማግሌው እረኛውን መኪናው ዘንድ አቁመው «ና እሳት ሙቅ» አሉኝ።

ቤታቸው ቅርብ ነው። ጠላ ቀረበ፤ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ብርዱ ሲለቀኝ የውርርዱን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ቻው»ን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። ጥቂት አስበው «በላ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ ሲደውሉ ደኅና ይዋሉ በሉኝ እላቸዋለሁ» አሉ። ከዚያ ተነስተው ከግድግዳው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ብረት አወረዱና ጭኔ ላይ አኖሩት።

ማረሻ ነው። ያለቀ፣ ጡረታ የወጣ ማረሻ። ጫፉ በአፈር ተበልቶ ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ጀርባው ጠቁሯል፤ ሆዱ ግን ገብስ ሲያርስ የኖረበት ስለሆነ እንደ መስተዋት ያበራል። ወደ እሳቱ አስጠግቼ ሳገላብጠው መሀሉ ላይ ለጣት የሚበቃ ክብ ቀዳዳ አየሁ። ማረሻ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል?

«ባሌስትራ ነው» አሉኝ። አንሶላ በአንሶላ የተነባበሩት የመኪና ሞላዎች መሀላቸው ላይ በአንድ ብሎን ይታሰራሉ፤ ቀዳዳው ያ ነው። አባታቸው ዱር ነበሩ። አሞራው ውብነህ የሚባሉት የደጃዝማች ውብነህ ተሰማ ስም በዚህ አገር ገና ሲነሳ ሰው ቀና ይላል፤ አባታቸውም በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከያዙት አንዱ ናቸው። ጣልያን ተሸንፎ ሲሄድ ከመንገዱ በታች አንድ ካሚዮን ተገልብጦ ቀረ። መንደሩ ተሰብስቦ እንደ ፋሲካ በሬ ቅርጫ አደረገው። ላሜራው ለአንዱ በር፣ ጎማው ለሌላው በረባሶ፣ የቀረው ናፍታ ለኩራዝ፤ ባሌስትራው ደግሞ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ማረሻ ወጣው። «እስከ እኔ ጎልማሳነት አርሷል» አሉኝ ሽማግሌው። «ጣልያን ሰጠን አትበል። ሥጋውን ጥሎ ሄደ፤ እኛ በላነው።»

ያን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ የፒያሳውን ሰውዬ አሰብኩት፤ ራሴንም አሰብኩት። እሱ ካሚዮኑን አይቶ ባለቤቱን ያመሰግናል። እኔ ባለቤቱን ጠልቼ ካሚዮኑን አልነካም እላለሁ። የኮሶዬ ሰው ግን ባለቤቱን ከአገር አባሮ ካሚዮኑን ለቅርጫ አቀረበ። ከብረቱ ማረሻ እንደወጣ ከቃሉም እንዲሁ ወጥቷል። ጣልያኖች «ባንዳ» ሲሉ በደመወዝ ያሰለፉትን የአገሬውን ጭፍራ ማለታቸው ነበር፤ በእነሱ አፍ ተራ የወታደር ቃል ነው። እኛ ወስደን ቀጥቅጠን ወንድሙን ለሸጠ ሰው መጠሪያ አደረግነው። ዛሬ ያን ቃል ሮም ላይ ብትናገረው የሙዚቃ ጓድ ይመስላቸዋል፤ ወገራ ላይ ብትናገረው ደም ያፈስሳል። ከእነሱ ተገኘ እንጂ እሳቱ የእኛ ነው።

ዳኛው የተመለሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጎማው ሲታሰር እኔ «ዳዶውን አጥብቀው፣ ክሪኩን አውርደው፣ ቸርኬው ጎብጧል» እያልኩ እንደ ልቤ አወራሁ፤ ዳኛው ከጎኔ ቆሞ ይጽፋል። ሽማግሌው ያን ጥቁር ድንጋይ አንስተው ፒክአፑ ላይ ጫኑልኝ። «ሊማሊሞ ባትደርስም ይጠቅምሃል።» እጃቸውን ሳምኩና ልሰናበት አፌን ስከፍት ቻው ልትወጣ ስትል ዋጥኋት። «ደኅና ይዋሉ አባባ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ያተረፍኩት አስር ብር ያ ነው።

ደባርቅ ስንገባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ ዳሱ ውስጥ የቀሩት ሰካራሞችና የወንበር አከራዩ ናቸው። አንዲት ደግ እናት ከድስቱ ጥግ የተረፈ ቀዝቃዛ መኮሮኒ በእንጀራ ላይ አደረጉልን፤ በጣታችን እየጠቀለልን በላን። ይህን ዓይነት አበላል ናፖሊ ላይ ማንም አያውቀውም። ዳኛው ወረቀቱን አውጥቶ ደመረ፤ ሠላሳ አንድ ቃል፣ 310 ብር። ከፈልኩ።

ድንጋዩ እስከ ዛሬ ደጄ ላይ አለ። ውርርዱን ልትሞክሩት የምትፈልጉ ካላችሁ አልከለክልም፤ ምላስን ያጸዳል። ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርታዋን እዩ፤ ዳገት ላይ ከቆማችሁም አስቀድማችሁ ታኮ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሽብልቅ በሉት።